ምዕራፍ 7፦ ፍጡር ሁሉ የሚሞላው ቅጽ

ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት በዲሴምበር 1984 እትሙ፣ ካናዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር አሌክሳንደር ዲውድኒ ያሰባትን አንዲት ፕላኔት ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሟ ዋ-ቶር ነው። የብስ የሚባል ነገር የላትም፤ ከዳር እስከ ዳር ውኃ ናት። የሚኖሩባት ፍጥረታትም ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ዓሣና ሻርክ። ዓሣው ይዋኛል፣ ይወልዳል። ሻርኩም ይዋኛል፣ ይወልዳል፤ በዚያ ላይ ዓሣ ይበላል፣ የሚበላው ካጣ ደግሞ ይሞታል።

ባሕሯ በምዕራፍ 4 ያየነው ዓይነት ሰንጠረዥ ነው። ረድፍና ዓምድ አለው፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ ከአንድ ፍጡር በላይ አይቀመጥም። በምሥራቅ ጠርዝ የወጣ ዓሣ በምዕራብ ጠርዝ ይገባል፣ በሰሜን የወጣውም በደቡብ ብቅ ይላል፤ ስለዚህ ባሕሩ ማለቂያ የለውም። ጊዜ የሚቆጠረው በተራ ነው። ዲውድኒ አንዱን ተራ ክሮኖን ብሎታል። በአንድ ክሮኖን ውስጥ በባሕሩ ያለ ፍጡር ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል።

ይህችን ዓለም የመረጥኳት ሕጎቿ በአንድ ገጽ ተጽፈው ስለሚያልቁ ነው። በዚያች አንድ ገጽ ውስጥ ግን ፕሮግራመሮች ዛሬም በየቀኑ የሚከራከሩበት ትልቅ ጥያቄ ተቀምጧል፤ ብዙ ዓይነት ፍጡር ላለበት ዓለም፣ ሁሉንም የሚገልጸው የመጀመሪያው መግለጫ ውስጥ ምን ይግባ?

ባለፈው ምዕራፍ አንድን ዓሣ ለኮምፒውተር ለመግለጽ ሞክረን ነበር። ረድፉን በአንድ ቫሪያብል፣ ዓምዱን በሌላ፣ ከወለደ ወዲህ ያለፈውን ተራ በሦስተኛ አስቀመጥን። ለአንድ ዓሣ ሦስት ቫሪያብል አይከብድም። ሁለት መቶ ዓሣ ሲመጣ ግን ስድስት መቶ ቫሪያብል ልንጠብቅ ነው። የአንዱ ዓሣ ቦታ ከሌላው ዕድሜ ጋር ቢደባለቅ ደግሞ ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ አይነግረንም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ባሕር ያሳየናል።

ባዶ ቅጽና የተሞላ ቅጽ

ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ያወጣ ሰው ቅጽ ሞልቷል። ቅጹ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የቤት ቁጥር የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሉ። ባዶው ቅጽ ማንንም አይገልጽም፤ ስለ አንድ ነዋሪ ምን ምን መታወቅ እንዳለበት ብቻ ይናገራል። ሲሞላ ግን የአንድ ሰው ይሆናል። ቅጹ ተባዝቶ ለሺህ ነዋሪ ቢሰጥ፣ ሺውም የየራሱን ይሞላል፤ የአንዱ የቤት ቁጥር ወደ ሌላው ወረቀት አይሄድም።

ፕሮግራመሮች ክላስ የሚሉት ባዶውን ቅጽ ነው። ተሞልቶ የአንድ የተለየ ፍጡር የሆነውን ደግሞ ኦብጀክት ይሉታል። «ዓሣ» ክላስ ነው። በ5ኛው ረድፍ፣ በ12ኛው ዓምድ ላይ የሚዋኘው፣ ከተወለደ 2 ክሮኖን የሆነው ይህ አንዱ ዓሣ ግን ኦብጀክት ነው። ባሕሩ ውስጥ 200 ዓሣ ካለ 200 ኦብጀክት አለ፤ ክላሱ ግን ያው አንድ ነው።

የቀበሌ ቅጽ መረጃ ይይዛል እንጂ በራሱ ምንም አያደርግም። ክላስ እዚህ ላይ ይበልጠዋል። በምዕራፍ 5 ፈንክሽን ያልናቸውን፣ ስም የተሰጣቸውን የትእዛዝ ጥቅሎች፣ ክላስ ከክፍት ቦታዎቹ ጋር አብሮ ይይዛቸዋል። በዓሣ ክላስ ውስጥ «ሂድ» የሚል ትእዛዝ ካለ፣ ትእዛዙ የሚሠራው በዚያው ኦብጀክት ላይ በተሞላው ረድፍና ዓምድ ነው። ዓሣው ያለበትን ቦታ ያውቃል፤ ከዚያ ቦታ እንዴት እንደሚንቀሳቀስም ያውቃል። መረጃውና ድርጊቱ አንድ ላይ በመታሰራቸው፣ ቅድም የፈራነው የስድስት መቶ ቫሪያብል መደባለቅ ይቀራል።

የጋራቸው የቱ ነው?

አሁን የዓሣን ክላስ ጽፈን ጨረስን እንበል። ቀጥለን የሻርክን ስንጽፍ እጃችን ተመሳሳይ ነገር ደግሞ ይጽፋል፤ ረድፍ፣ ዓምድ፣ ከወለደ ወዲህ ያለፈ ተራ፣ ሂድ፣ ውለድ። አዲሱ ነገር ረሃቡና አደኑ ብቻ ነው።

መደጋገሙ የሚያሳስበው ለድካሙ ሲባል አይደለም። የባሕሩን ጠርዝ የሚያገናኘውን ሕግ እንውሰድ፤ ከመጨረሻው ዓምድ ወደ ምሥራቅ የሄደ በመጀመሪያው ዓምድ ይገባል። ይህ ሕግ ያለው «ሂድ» ውስጥ ነው። ሁለት ክላስ ካለን ሁለት «ሂድ» አለን። አንድ ቀን በሕጉ ውስጥ ስህተት ተገኝቶ የዓሣውን አርመን የሻርኩን ብንረሳው፣ ዓሦቹ ባሕሩን እየዞሩ ሲዋኙ ሻርኮቹ ምሥራቅ ጠርዝ ላይ ተከማችተው እናገኛቸዋለን። ሁለት ቦታ የተጻፈ ሕግ ውሎ አድሮ ሁለት ሕግ ይሆናል።

መፍትሔው ከሁለቱ በላይ ሌላ ክላስ መጻፍ ነው። ስሙን ፍጡር እንበለው። ለዓሣም ለሻርክም እውነት የሆነው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ዓሣና ሻርክ ደግሞ ከእርሱ ይወርሳሉ። በቅጹ ምሳሌ ብንሄድ፣ ፍጡር ሁሉም የሚሞላው የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ የሻርክ ክላስ በዚያ ገጽ ላይ የምትያያዝ አንዲት ተጨማሪ ወረቀት ናት። በወረቀት ላይ ይህን ይመስላል፦

ክላስ ፍጡር
የሚሞላ፦ ረድፍ፣ ዓምድ፣ ከወለደ ወዲህ ያለፈ ተራ፣ የመውለጃ ጊዜ
የሚያደርገው፦ ሂድ፣ ውለድ፣ ተራህን ፈጽም (ባዶ)

ክላስ ዓሣ፣ ከፍጡር የወረሰ
የመውለጃ ጊዜ፦ 3
ተራህን ፈጽም፦ ክፍት ወደሆነ ጎረቤት ሣጥን ሂድ፤ ጊዜህ ከደረሰ ውለድ

ክላስ ሻርክ፣ ከፍጡር የወረሰ
የመውለጃ ጊዜ፦ 10
ተጨማሪ የሚሞላ፦ ረሃብ
ተጨማሪ የሚያደርገው፦ አድን
ተራህን ፈጽም፦ አድን፤ ካልቀናህ ክፍት ወደሆነ ሣጥን ሂድ፤ ጊዜህ ከደረሰ ውለድ፤ ረሃብህ 3 ከደረሰ ሙት

በፍጡር ውስጥ «ተራህን ፈጽም» የሚለው ባዶ መሆኑ በስህተት አይደለም። ፍጡር ሁሉ ተራ አለው፤ ይህ ለሁሉም እውነት ነው። በተራው ምን እንደሚያደርግ ግን እንደየዓይነቱ ይለያያል። ስለዚህ የላይኛው ክላስ ግዴታውን ብቻ ይጥላል፣ አፈጻጸሙን ለወራሾቹ ይተዋል። እንዲህ ያለውን ክላስ መነሻ ክላስ እንለዋለን። በዋ-ቶር ባሕር ውስጥ እንዲሁ «ፍጡር» ብቻ ሆኖ የሚዋኝ የለም፤ የሚዋኘው ወይ ዓሣ ነው ወይ ሻርክ።

አንድ ሻርክ፣ አንድ ተራ

በ7ኛው ረድፍ፣ በ20ኛው ዓምድ ላይ አንድ ሻርክ አለ። ረሃቡ 2 ነው። ከወለደ ወዲህ 9 ተራ አልፎታል። ዋናው ፕሮግራም «ተራህን ፈጽም» ይለዋል።

የወለደበት ቆጠራ ከ9 ወደ 10 ይወጣል፤ ይህ ቆጠራ ከፍጡር የወረሰው ነው። ከዚያ የራሱ በሆነው «አድን» አራቱን ጎረቤት ሣጥኖች ይመለከታል። ሰሜን ክፍት ነው፤ ምሥራቅ ሌላ ሻርክ አለ፤ ምዕራብ ክፍት ነው፤ ደቡብ ላይ ዓሣ አለ። ወደ 8ኛው ረድፍ ይወርዳል፣ ዓሣው ከባሕሩ ዝርዝር ይሰረዛል፣ ረሃቡ 0 ይሆናል። ዓሣ ባያገኝ ኖሮ ረሃቡ 3 ደርሶ የሚሰረዘው እርሱ ነበር። አሁን የመውለጃ ጊዜው ደርሷልና «ውለድ» ይሠራል፤ በለቀቀው በ7ኛው ረድፍ፣ በ20ኛው ዓምድ ላይ አዲስ ሻርክ ይቀመጣል፤ የሁለቱም ቆጠራ ከ0 ይጀምራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን «ውለድ»ን እንየው። የተጻፈው በፍጡር ክላስ ውስጥ ነው፤ ፍጡር ደግሞ ዓሣ ምን እንደሆነ፣ ሻርክ ምን እንደሆነ አያውቅም። ታዲያ ሻርክ ሻርክን እንዲወልድ ማን አዘዘ? «ውለድ» ውስጥ ያለው ትእዛዝ «አዲስ ፍጡር ሥራ» የሚል ቢሆን፣ ሻርኩ አደን የማያውቅ፣ ተራው ሲደርስ የሚያደርገው የጠፋው ባዶ ቅጽ ይወልዳል። ትእዛዙ መሆን ያለበት «የራስህን ዓይነት ሥራ» ነው። የጀማሪ ፕሮግራመርን ቀን የሚበላው ስህተት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ የላይኛው ክላስ ስለ ወራሾቹ ሳያውቅ ለወራሾቹ ሁሉ መናገር አለበት።

በዚህ ሁሉ መሐል ዋናው ፕሮግራም ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፍጡሮቹን ዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን «ተራህን ፈጽም» አለ። ዓሣ ነህ ወይስ ሻርክ ብሎ አልጠየቀም። ነገ ሦስተኛ ዓይነት ፍጡር ብንጨምር የዋናውን ፕሮግራም አንድ መስመር አንነካም። የመነሻ ክላስ ትልቁ ስጦታ ለእኔ ይኸው ነው፤ ዓለሙን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል በዓለሙ ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም።

ባሕሩ ሲሠራ የሚታየውም ያስደንቃል። ዓሣው ሲበዛ ሻርኩ ይጠግብና ይበዛል፤ ሻርኩ ሲበዛ ዓሣው ይመናመናል፤ ዓሣው ሲመናመን ሻርኩ በረሃብ ያልቃል፤ ከዚያ ዓሣው ደግሞ ይበዛል። አንዳንዴ ሻርኮቹ ሁሉንም ዓሣ ጨርሰው ራሳቸውም ይጠፋሉ። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ቪቶ ቮልቴራ በ1926 ተመሳሳዩን ማዕበል በቀመር አስቀምጦት ነበር። የተነሣውም ከእውነተኛ ባሕር ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአድሪያቲክ ባሕር ዓሣ ማስገር ሲቀንስ፣ ከሚያዘው ውስጥ የሻርክና የሌሎች አዳኝ ዓሦች ድርሻ ለምን ከፍ እንዳለ ለመረዳት ነበር። በእኛ ፕሮግራም ውስጥ ግን ስለ ማዕበል የተጻፈ አንድም ትእዛዝ የለም።

ከቀረጥ ድልድይ የመጣ ሐሳብ

ክላስና ውርስ የተገኙት እንዲህ ያለ ሰው ሠራሽ ዓለም ለመሥራት ሲሞከር ነው። በ1960ዎቹ ኦስሎ በሚገኘው የኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ክሪስተን ኒጋርድና ኦለ-ዮሃን ዳል ሲሙላ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ይሠሩ ነበር። ዓላማው ሰልፍን፣ ወደብን፣ የፋብሪካ ሥራን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ማየት ነው።

ከያዟቸው ምሳሌዎች አንዱ መኪኖች ተሰልፈው የሚከፍሉበት ድልድይ ነበር። በሰልፉ ውስጥ የጭነት መኪናም አውቶቡስም አለ። ተሰላፊ በመሆናቸው አንድ ናቸው፤ ከፊትና ከኋላ ማን እንዳለ ማወቅ ለሁለቱም ያስፈልጋል። ጭነትና ተሳፋሪ ግን ለየብቻ ነው። ሰልፉን አንድ ጊዜ ጽፈው ለሁለቱም እንዴት ያውሉት? መልሱ በ1966 ማብቂያና በ1967 መግቢያ ላይ መጣላቸው፤ የጋራውን ክፍል አንድ ጊዜ ጻፍ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ዓይነት መግለጫ ፊት አስቀድመው። በግንቦት 1967 ኦስሎ አጠገብ ሊሴቡ በተደረገ ጉባኤ ላይ ይህን አቀረቡ፤ ሲሙላ 67 የተባለው ቋንቋም በዚሁ ላይ ተሠራ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፋ። አላን ኬይ ከሲሙላ ተነሥቶ ስሞልቶክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አሰበ። ሲሙላን በተማሪነቱ የተጠቀመበት ቢያርን ስትሮስትሩፕ በ1979 የጀመረው ሥራ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው ቋንቋ ሆነ። ዳልና ኒጋርድ የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት አገኙ፤ ሁለቱም በ2002 ክረምት በሳምንታት ልዩነት አረፉ። ዛሬ በባንክም በሆስፒታልም በሚሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው ክላስ የዚያ ድልድይ ልጅ ነው።

ሳይዋሽ የሚሞላው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። መነሻ ክላስ ስንጽፍ የሚመጣብን ፈተና መጨመር ነው። ረሃብን ፍጡር ውስጥ ብናስገባውስ? ሕያው ነገር ሁሉ ይርበዋል አይደል? በዋ-ቶር ግን ዓሣ አይርበውም፤ ሕጉ ያ ነው። ረሃብን ወደ ላይ ካወጣነው እያንዳንዱ ዓሣ የማይመለከተውን ቦታ ይዞ ይዞራል። ያንን ቦታ አንድ ሰው በስህተት እንዲቆጥር ካደረገው ደግሞ በ3ኛው ክሮኖን ዓሦቹ በረሃብ መሞት ይጀምራሉ።

መነሻ ክላስን የምመዝንበት ሚዛን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ፍጡር ሳይዋሽ ሊሞላው የሚችል ቅጽ መሆን አለበት። አንዱ እንኳ «አይመለከተኝም» ብሎ ዜሮ የሚጽፍበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ወደ ታች ይውረድ።

በዚህ ሚዛን የራሳችንን ፍጡር እንፈትነው። ወደ ባሕሩ አልጌ እንጨምር። አልጌ ቦታ አለው፣ ተራ አለው፣ ይባዛል። ግን አይሄድም። እኛ ደግሞ «ሂድ»ን ለፍጡር ሁሉ ሰጥተናል።

ቀላል የሚመስለው መላ በአልጌ ክላስ ውስጥ «ሂድ፦ ምንም አታድርግ» ብሎ መጻፍ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ ፕሮግራሙም ያለ ቅሬታ ይነሣል። ችግሩ የሚመጣው አልጌው ሊወልድ ሲል ነው። «ውለድ» ልጁን የሚያስቀምጠው ወላጁ በለቀቀው ሣጥን ላይ ነው፤ አልጌው ግን ምንም አልለቀቀም። ልጁ በወላጁ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሣጥን ለአንድ ፍጡር የሚለው የባሕሩ የመጀመሪያ ሕግ ፈረሰ ማለት ነው። «ሂድ» ላይ የተነገረችው ትንሽ ውሸት «ውለድ» ላይ ተገለጠች።

የሚሻለው መካከለኛ ክላስ መሥራት ነው። ተንቀሳቃሽ እንበለው። ተንቀሳቃሽ ከፍጡር ይወርሳል፤ ዓሣና ሻርክ ከተንቀሳቃሽ ይወርሳሉ፤ አልጌ በቀጥታ ከፍጡር ይወርሳል። «ሂድ» ወደ ተንቀሳቃሽ ይወርዳል፤ የለቀቁት ሣጥን ላይ መውለድም አብሮት ይወርዳል። ፍጡር ውስጥ «ውለድ» እንደ ተራው ሁሉ ባዶ ግዴታ ሆኖ ይቀራል፤ አልጌም በራሱ መንገድ፣ ክፍት በሆነ ጎረቤት ሣጥን ላይ ይባዛል። ከላይ ያለው ክላስ አዲስ ዓይነት ፍጡር በመጣ ቁጥር እየቀለለ ሄደ። እንዲያ መሆኑ ጤንነት ነው።

ላይ የተጻፈ ሕግ ታች ላሉት ሁሉ እንደሚደርስ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር። ታርን አዳምስና ወንድሙ ዛክ ከ2006 ጀምሮ ለሕዝብ ያቀረቡት ድዋርፍ ፎርትረስ የተባለ ጨዋታ አለ፤ እጅግ ዝርዝር የሆነ ሰው ሠራሽ ዓለም ነው። በ2015 መጠጥ ቤት ሲጨመርበት ድመቶች መሞት ጀመሩ። ሲመረመር፣ ጠጪዎች ያፈሰሱት መጠጥ በወለሉ ላይ የሚራመዱትን ድመቶች እግር ይነካል፤ ድመቶቹ ራሳቸውን ሲልሱ ይውጡታል፤ አንድ ልሰት እንደ አንድ ሙሉ መጠጥ ይቆጠር ነበር። የመጠጥን ጉዳት በሰውነት መጠን የሚያሰላው ሕግ ለድመት ተብሎ አልተጻፈም። ግን ድመትም አካል አላት፤ ትንሽ አካል። ሕጉ ትክክል ነበር፤ የመጠኑ ቁጥር ነው የተሳሳተው። ለሁሉ የተጻፈ ነገር ማንም ያላሰበው ፍጡር ዘንድ ደርሶ ይፈተናል፤ ለዚህ ነው ከላይ የምናስቀምጠውን እያንዳንዱን መስመር መጠራጠር ያለብን።

ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው ምክር ከብዙ መማሪያ መጻሕፍት ጋር አይስማማም። መጻሕፍቱ መነሻውን ክላስ አስቀድመው ይጽፉና ከዚያ ወደ ወራሾቹ ይወርዳሉ። እኔ በመጨረሻ እንዲጻፍ እመክራለሁ። መጀመሪያ ዓሣውን ለብቻው ጻፉ፤ ቀጥሎ ሻርኩን ለብቻው ጻፉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና በእርግጥ አንድ የሆነውን ብቻ ወደ ላይ አውጡ። ገና ስላልተፈጠሩ ፍጥረታት እየገመቱ የሚሞሉት መነሻ ክላስ ቤቱ ሳይሠራ የተገዛ በር ይሆናል።

ወደ ምዕራፍ 8 ከመሻገርዎ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። በባሕራችን አሁን አልጌ ስላለ ዓሣው አልጌ መብላት ይጀምር፤ ካጣም እንደ ሻርኩ በረሃብ ይሙት። ረሃብ የት ይቀመጥ? ተንቀሳቃሽ ውስጥ ማስገባት ያጓጓል፤ ዓሣም ሻርክም እዚያ አሉና። ከመወሰንዎ በፊት ግን ከድንጋይ ተጣብቆ የሚኖረውን፣ የማይሄደውን፣ ግን የሚበላውን ኮራል ወደ ባሕሩ ይጨምሩና ቅጹን ያስሞሉት። የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚነሣው ከዚያ ነው።